ጣት ብቸኛው ቁልፍ አይሁን

ተማሪዎች ሆይ፣ ዛሬ ገንዘብ ለመላክም ሆነ መልእክት ለመጻፍ የስልክን ስክሪን በጣት መንካት ይበቃል። ይሁን እንጂ እጁ የተቆረጠ ወይም ጣቶቹ የማይታዘዙለት ሰው ምን ያድርግ?

«ሌላ ሰው ይንካለት» የሚሉ አሉ። አስተያየቱ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም በቂ መልስ አይደለም። የባንክ የምስጢር ቁጥሩን በሌላ ሰው ጣት የሚያስነካ ሰው ምስጢሩን አሳልፎ ሰጥቷል፤ መልእክቱን በሌላ ሰው እጅ የሚያስጽፍም የልቡን ሐሳብ ለብቻው ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ስልኩን በራሱ የሚያዝበት መንገድ ሊኖረው ይገባል እላለሁ።

ይህም የሚቻል ነገር ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች መስተዋት ሥር ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ አለ። ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የሆነው ሰውነታችን ሲነካው መስኩ ይለወጣል፤ ስልኩም የተነካውን ቦታ ያውቃል። ደረቅ እንጨትና ተራ ጓንት የማይሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ክርን፣ የአፍንጫ ጫፍና ለዚሁ ተብሎ የተሠራ በአፍ የሚያዝ ዘንግ ግን ያገለግላሉ።

ስክሪኑን ጨርሶ ሳይነኩ ማዘዝም ይቻላል። ለምሳሌ አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ዋነኛ ማዘዣው ጣት ነበር። በ2013 ግን ምርጫዎቹ በየተራ እየተመለከቱ ሲያልፉ፣ ተጠቃሚው የፈለገው ሲደርስ በራሱ ወይም በክርኑ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ የሚመርጥበት ዘዴ ተጨመረለት። በ2019 ሙሉ በሙሉ በድምፅ፣ በ2024 ደግሞ በዓይን እንቅስቃሴ ማዘዝ ተቻለ።

እርግጥ፣ ተጨማሪ መንገድ ማበጀት ወጪና ድካም አለው። በድምፅ ማዘዝም የሚጠቅመው መሣሪያው የተናጋሪውን ቋንቋ ሲያውቅ ብቻ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የመረጃና የመገናኛ አገልግሎት ለአካል ጉዳተኞችም ተደራሽ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለሆነም ይህ ተግባር በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን ሊፈጸም የሚገባው ግዴታ ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም መምህር የሚሆኑ አሉ። አዲስ መሣሪያ ስትሠሩ ወይም ስትገዙ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ «ጣት የሌለው ሰው በምን ያዘዋል?» መልስ ያልተገኘለት መሣሪያ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሥራው ገና አላለቀም።