«ሞተሩ ይውረድ!» ለማን ጥቅም?

ለመሆኑ መኪና ሲያንኳኳ መጀመሪያ የሚመረመረው ሞተሩ ነው ወይስ የባለቤቱ ኪስ? አሮጌዋ መኪናዬ ዳገት ላይ መንቀጫቀጭ ብትጀምር ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው «ወንድሜ፣ ብሮንዚናው ሄዷል፤ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ልብ በሉ፤ ዳገት አውጥቶ ያዳመጣት የለም፣ ዘይቷን ያየ የለም፣ ቤንዚን ከየት ቀዳህ ያለኝም የለም። ሌላ ጋራዥ ካንዴላ የሚለኩስበትን ጊዜ ትንሽ ወደኋላ መለሱላት፣ ቤንዚን ቀየርኩ፤ ጸጥ አለች።

ጎበዝ፣ ድምፅ ሁሉ አንድ አይደለም። በከባድ ማርሽ ዳገት ስትገፉ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ሳንቲም የሚንሿሿው፣ እግራችሁን ከቤንዚን መስጫው ስታነሱ የሚጠፋው፣ የአቃጣጠል ችግር ነው። የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት ቤንዚኑ በሙቀትና በግፊት ብቻ በራሱ ይነዳል። ችላ ከተባለ ፒስተን ይበሳል እንጂ ወዲያው ሞተር የሚያስወርድ አይደለም። ከታች የሚመጣው፣ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር የሚፈጥነው ወፍራም «ኳ ኳ» ግን ሌላ ነው፤ ብሮንዚና የሚጠረጠረው ያኔ ነው። የዘይት መብራት ከበራበትማ ባላችሁበት አጥፉት።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ሞተር እዚህ ቶሎ አያንኳኳም። አንዳንድ መካኒክ ይህን አይቶ ለጉልበት ብሎ እሳቱን ያስቀድመዋል፤ ያቺው መኪና 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነችው አዋሽ ስትወርድ ትጮሃለች። እዚሁ ከተማ ውስጥ የምታንኳኳ ከሆነች ደግሞ ሙቀቷንና የእሳቷን ጊዜ አይታችሁ ቤንዚኑን ጠርጥሩ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ኦክቴኑ ይወርዳል፤ ኦክቴን ማለት ያለጊዜው ያለመንደድ አቅም ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ማንኳኳቱን በራሳቸው መቆጣጠሪያ ያፍኑታል፤ ባለቤቱ የሚያየው ጉልበት ሲቀንስና ቤንዚን ሲያልቅ ብቻ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚሸጠውንማ ማን ይመርምረው!

በብዙ አገር ማደያ 91 ወይም 95 ተብሎ ቁጥሩ ተጽፎ ይሸጣል። እኔ በምቀዳባቸው ማደያዎች ግን አንድም ቀን አላየሁም። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን ማስታመም ግድ ሆኖብናል፤ ታዲያ የምናጠጣትን እንኳ አናውቅ? ቁጥሩ ይለጠፍ፣ ናሙና ይወሰድ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። ጋራዦችም «ይውረድ» ከማለታቸው በፊት ከባለመኪናው ጋር አንድ ዳገት ይውጡ፤ ለእሱ ክፍያ ቢጠይቁኝ ሳላንገራግር እከፍላለሁ።