ውስጡን ለቄስ የሆነ ሽቦ አንሽጥ

ሉቱሊም ሆነ ሪቨር ሮድ ለዲናሞ ጥቅለላ የሚሆን ሽቦ ስንገዛ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ቁጥሩንና ዋጋውን ብቻ ነው። ቀለሙ ቀላ ካለ «መዳብ ነው» ብለን እንጭናለን። ስንጠየቅም «ገበያው የሚፈልገው ርካሽ ነው፤ መሞከር የባለሙያው ሥራ ነው» እንላለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ባለሙያው የሚያውቀው ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሽቦው ሞያሌን ተሻግሮ ወፍጮ ቤት ወይም የገበሬ የውሃ ፓምፕ ውስጥ ገብቷል። ከናይሮቢ ሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማን ይዞት ይመለሳል?

መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ከላይ ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ ነው። በእኩል ውፍረት የአሉሚኒየም ሬዚስታንስ ከመዳብ 1.6 እጥፍ ገደማ ነው፤ መዳብ የለበሰውም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። በመዳብ ልክ ከተጠቀለለ ይግላል፣ ቫርኒሹ ያርራል፣ ሽቦ ከሽቦ ይነካካል፣ ሞተሩ አለቀለት። አሉሚኒየም በራሱ ነውር የለበትም፤ በስሙና በዋጋው ይሸጥ። ነውሩ መዳብ ብሎ መሸጥ ነው።

መፈተሽ ደግሞ ብዙ አያስወጣም። አንደኛ፣ ጫፉን እስከ መሃሉ በሞረድ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። ሁለተኛ፣ መዝኑት፤ ቫርኒሹ ተፍቆ ሲለካ 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የመዳብ ሽቦ 10 ሜትሩ 70 ግራም ገደማ ነው፤ አሉሚኒየም ከሆነ 21። ሦስተኛ፣ በመልቲሜትር ለኩት፤ የዚሁ መዳብ 100 ሜትር 2.2 ኦም ገደማ ያሳያል፤ አሉሚኒየም 3.6። አራተኛ፣ ቫርኒሹን ፈትኑ፤ ሽቦውን ጠበቅ አድርጋችሁ በራሱ ላይ ጠምዝዙና ሁለቱን ጫፎች ከውጭ አስቀርታችሁ ጨው ውሃ ውስጥ ንከሩት። በሽቦውና በውሃው መካከል መልቲሜትሩ ከቆጠረ ቫርኒሹ ተሰነጣጥቋል።

«ካርቶኑ ላይ የኬብስ ምልክት አለ» የሚል አይጠፋም። ካርቶን ይቀየራል፤ የሚጠቀለለው ካርቶኑ ሳይሆን ሽቦው ነው።

«አንድ ሜትር ቆርጬ ልሞክር» ስትሉት ሻጩ ካኮረፈ መልሱን ሰጥቷችኋል፤ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። ከተስማማ ደግሞ ደረሰኙ ላይ «መዳብ» ብሎ ይጻፍላችሁ። እናንተም ለደንበኛችሁ ያንኑ ጻፉለት።