የሰፈር እንደራሴ ለሰፈርተኛው የሚያቀርበው ሒሳብ

ቤት የሚጸናው በገንዘብ ብዛት ብቻ አይደለም። ባል ያገኘውን ለሚስቱ፤ ሚስትም ያወጣችውን ለባልዋ ሳይደብቁ ቢነጋገሩ፤ ጥቂቱ ይበረክታል፤ ብዙውም አይባክንም። ሰፈርም የሰፋ ቤት ነውና፤ ጉዳዩን እንዲጠብቅ የተመረጠ የምክር ቤት አባል የሠራውንና ያልሠራውን ለመረጡት ሰዎች መንገሩ ቸርነት ሳይሆን ዕዳ ነው።

ይህ ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በወልድያና በመርሳ ከተማ፤ በሐብሩም ገጠር፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ማኅበር ቅሬ ይሉታል። ክርስቲያኑና እስላሙ ኀዘን በደረሰ ጊዜ አብሮ ይቀብራል፤ አብሮም ያስተዛዝናል። የተዋጣው ገንዘብ ወዴት እንደ ገባም በጉባኤ ፊት ይጠየቃል። እንግዲህ ስለ ቅሬ መዋጮ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው፤ ስለ ውሃ፤ ስለ መንገድና ስለ ጤና ጣቢያ ሲሆን ዝም ማለቱ ስለ ምን ነው?

መጠየቅ እንዲህ በቀላሉ የተገኘ መብት አይደለም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ የፈቀደው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። የከተማ ቀበሌ የተቋቋመውም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ይሁን ተብሎ በ1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በ12ኛው አንቀጽ፤ የመንግሥት ሥራ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፤ የተመረጠውም ሰው ይጠየቅ፤ ሕዝቡ እምነት ባጣበት ጊዜ ከቦታው ያንሣው ይላል።

ወልድያ ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችበት ጊዜ፤ መብራትም ስልክም ባንክም ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጭንቅ ሰውን ያቆየው ጎረቤት ለጎረቤቱ እውነቱን ነግሮት፤ ያለችውን እህል ተካፍሎ መብላቱ ነው። በመከራ ቀን ያልተደበቀ ነገር በሰላም ቀን ሊደበቅ አይገባም።

ስለዚህ እንደራሴው በሰፈርተኛው ፊት ሲቆም አራት ነገር ይንገር። አንደኛ፤ ምን ቃል እንደ ገባ፤ ሁለተኛ፤ ከዚያ የትኛው እንደ ተፈጸመ፤ ሦስተኛ፤ ስንት ብር ገብቶ ስንት እንደ ወጣ፤ አራተኛ፤ የቀረው ስለ ምን እንደ ቀረ። «የቦኖው ውሃ በቅርቡ ይመጣል» ከማለት ይልቅ፤ «ቧንቧው ተገዝቷል፤ የሚቀብረው ሠራተኛ ግን ገና አልተቀጠረም» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ቃል እናቲቱን በባዶ ተስፋ ያስቀምጣታል፤ ሁለተኛው ግን ማንን ሄዳ እንደምትጠይቅ ያሳውቃታል።

የስብሰባው ቀንም በማስተዋል ይመረጥ። ከዓርብ ጁምዓና ከእሑድ ቅዳሴ ጋር አይጋጭ፤ በገበያ ቀንም አይሁን፤ በገጠር ደግሞ ገበሬው ከአጨዳ ላይ አይጠራ። ከሁሉ በላይ ሴቶች በስፍራው ይገኙ። እንስራውን ወይም ጀሪካኑን ተሸክማ ወረፋ የምትጠብቅ እርስዋ ናትና፤ ውሃው በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደሚመጣ ከማንም አስበልጣ ታውቃለች። ባልዋ ብቻ ሄዶ ቢመለስ፤ የተነገረው ሁሉ እውነት መሆኑን ማን ይመሰክራል?

የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ከስብሰባው በፊት በነበረው ማታ በራት ጊዜ ተነጋገሩ፤ ሊጠየቅ የሚገባውንም በወረቀት ጻፉ፤ ማንበብ የተማረ ልጅ ካለ እርሱ ይጻፍላችሁ። ስትጠይቁም በጨዋ ቃል ይሁን፤ ስድብ መልስ አያመጣምና። እንደራሴውም «ይህን አላወቅሁም፤ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ቢል አትናቁት፤ ነገር ግን የሚመለስበትን ቀን አስቈርጡት።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አሮጌ ተረት ሹመትን እንደ ማዕድ ያስቈጥራል። ልጆቻችን ከዚህ ተረት ይልቅ፤ አባትና እናታቸው በጉባኤ ቆመው በትሕትና ሒሳብ ሲጠይቁ፤ የተመረጠውም ሰው በትሕትና ሲመልስ አይተው ቢያድጉ፤ ነገ እነርሱ በተመረጡ ጊዜ ሳይጠየቁ ይናገራሉ።