ሌሊት የሚብሰው እከክ

በአምቦ፥ በጉደርና በጊንጪ ክረምት ሲገባ ልጆች በአንድ መደብ ላይ ተጠጋግተው፥ አንድ ጋቢ ተጋርተው ይተኛሉ። እከክም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው እንዲሁ ሲተኙ ነው። ነገር ግን የሚያሳክክ ሁሉ እከክ አይደለም፤ ደዌው እንደ መለያየቱ መድኃኒቱም ይለያያል።

እከክን የምታመጣው በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ ናት፤ ቆዳን ሠርሥራ ገብታ እንቁላልዋን ትጥላለች። ምልክቱ ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፥ በጣቶች መካከል፥ በእጅ አንጓ፥ በብብትና በወገብ ዙሪያም የሚወጣ ሽፍታ ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልል ብዙ ቤተሰብ ያስጨነቀው ይኸው እከክ ነበር።

አዲስ የተያዘ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ምንም ሳያሳክከው ሊቆይ ይችላል፤ ለሌላ ግን ያስተላልፋል። አንዲት የማውቃት እናት ሦስት ጊዜ ቅባት ገዝታ ሦስቱንም ጊዜ ለትንሹ ልጅ ብቻ ቀባችና «መድኃኒቱ ውሃ ነው» አለች። መድኃኒቱስ ደኅና ነበር፤ ልጁ የተኛው ካልተቀቡት ወንድሞቹ ጋር ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ምሽት ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ይቀባ። ፐርሜትሪን የተባለው ቅባት ከ8 እስከ 14 ሰዓት ያህል በገላ ላይ ቆይቶ ይታጠባል፤ በሳምንቱም ይደገማል። ለጨቅላና ለነፍሰ ጡር ግን ሐኪም ይምረጥ። ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው በከረጢት ታስሮ አንድ ሳምንት ይቀመጥ። ተባይቱ ከሞተች በኋላም ማሳከኩ ጥቂት ሳምንታት ስለሚቆይ ቅባቱን ደጋግሞ መቀባት አያስፈልግም። የአምቦ ፍል ውሃም ገላን ያሳርፋል እንጂ ተባይቱን አይገድልም።

ጭርት ግን ክብ ነው፤ ዳሩ ከፍ ብሎ ይቀረፋል፥ መካከሉ ይጠራል። ክሎትሪማዞል ለጥቂት ሳምንታት ይቀቡታል። በራስ ላይ ወጥቶ ጠጉር የሚያረግፈው ቆረቆር ግን በቅባት ብቻ አይድንም፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ መድኃኒት ይሻል። ለችፌ የታዘዘውን የስቴሮይድ ቅባት ለጭርት መቀባት አደገኛ ስሕተት ነው፤ ማሳከኩ ይበርዳል፥ ጭርቱ ግን ይስፋፋል።

ፈዘዝ ያለና የማያሳክክ፥ ሲነኩትም የማይሰማ ምልክት ቢታይ ሳይደብቁ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና። የሚፈወስ ነው፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል፥ የሚወሰደውም 6 ወይም 12 ወር ነው።