ቸርኬው ስለገባ ልክ ነው ማለት አይደለም

የመኸር ዝግጅት በሚገመገምበት መድረክ ሁሉ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማሳ ዝግጅት በዝርዝር እንነጋገራለን። ማዳበሪያውን ከመጋዘን ወደ ቀበሌ፣ ክትባቱን ወደ እንስሳት ጤና ኬላ፣ ባለሙያውን ወደ አርሶ አደሩ ማሳ የሚያደርሰው አሮጌ ፒክአፕ ግን የሚነሳው ሲቆም ብቻ ነው። ፒክአፑን ከሚያቆሙት ምክንያቶች አንዱ ደግሞ በጥቂት ጥንቃቄ ልናስቀረው የምንችለው ነው፤ የማይገጥም ቸርኬና ጎማ መግዛት።

ችግሩ የሚጀምረው ከግዥ መጠየቂያው ነው። «የፒክአፕ ጎማ ከነቸርኬው፣ ብዛት 4» ተብሎ ከተጻፈ አቅራቢው ያመጣው ሁሉ በወረቀት ደረጃ ልክ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፣ ዕቃው በሞዴል ገቢ ይሆናል፣ ሾፌሩ ሊገጥመው ሲሞክር ግን እንቢ ይላል። ያን ጊዜ አቅራቢውን መውቀስ አይቻልም። ጥፋቱ ምን እንደምንፈልግ ሳንናገር የገዛነው የእኛ ነው።

ምን መጻፍ አለበት? የመጀመሪያው የቡሎኑ ብዛትና ርቀት ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየው አሮጌው ባለ ፎር ዊል ቶዮታ ሃይሉክስ ስድስት ቡሎን ያለው ሲሆን፣ በቡሎኖቹ መሀል የሚያልፈው ክብ ስፋቱ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስት ቡሎን ላይ ይህን መለካት ቀላል ነው፤ ከአንዱ ቡሎን መሀል ፊት ለፊቱ እስካለው ቡሎን መሀል መለካት ብቻ ይበቃል። ላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የቀድሞው ባለ ስድስት ቡሎን ሲሆን፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው 79 የሚባለው ባለ አምስት ቡሎንና 150 ሚሊ ሜትር ነው። «የላንድክሩዘር ቸርኬ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን ስለማይበቃ ሞዴሉና የተመረተበት ዓመት አብረው መጻፍ አለባቸው።

ሁለተኛው የመሀል ቀዳዳው ስፋት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሃይሉክስም፣ የአይሱዙ ዲማክስም፣ የሚትሱቢሺ ኤል200ም ቡሎን ስድስትና 139.7 ስለሆነ ቸርኬያቸው አንድ ይመስላል። የመሀል ቀዳዳቸው ግን ይለያያል፤ የሃይሉክሱ 106 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የዲማክሱ 100 ገደማ፣ በኋለኞቹ ዓመታት የወጣው ኤል200 ደግሞ 67 ገደማ ነው። ስለዚህ የኤል200 ቸርኬ በሃይሉክስ ሞዞ ላይ ጨርሶ አይገባም። የሃይሉክሱ ግን ኤል200 ላይ ይገባል፤ ሞዞው ላይ ስለማይቀመጥ ግን መሀሉን የሚጠብቀው ዳዶው ብቻ ይሆናል። በጥንቃቄ ካልታሰረ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ዳዶው ይላላል። አልገባ ያለውን ቸርኬ በእሳት ማስፋት ወይም የቡሎን ቀዳዳውን በሞላ ማስረዘም ደግሞ የሰው ሕይወት ላይ መቀለድ ነው። ከጭነቱ በላይ አርሶ አደር የሚሳፈርበት መኪና እንደሆነ እናውቃለን።

ሦስተኛው የቸርኬው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የመውጣት መጠን ነው። ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ መኪናውን ሰፊና ጠንካራ ያስመስለዋል። ጭነቱ ግን ከኩሽኔታው መሀል ስለሚርቅ ኩሽኔታው ቶሎ ያልቃል፣ መሪው ይከብዳል። ወደ ውስጥ የገባው ደግሞ ፍሬኑን ወይም ባሌስትራውን ይነካል። ከተቻለ አሮጌውን ቸርኬ ይዞ ወደ ሶማሌ ተራም ሆነ ወደ ቅርብ ከተማ ሄዶ ጎን ለጎን ማመሳከር ከሁሉም ይሻላል።

አራተኛው ጎማው የሚሸከመው ክብደት ነው። በጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር እንይ። 110 ከሆነ አንዱ ጎማ 1 ሺህ 60 ኪሎ ግራም፣ 100 ከሆነ ግን 800 ኪሎ ግራም ብቻ ይሸከማል። ኩንታል ለሚጭን ፒክአፕ የቤት መኪና ጎማ መግዛት ርካሽ ሊመስል ይችላል፤ በመንገድ መሀል ሲፈነዳ ግን ዋጋው ይታወቃል። ልኩንም ማስፋት መፍትሔ አይደለም። 205/80 16 የነበረውን በ265/70 16 ብንቀይረው ጎማው ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሰዓቱ 80 ሲል መኪናው 85 ገደማ እየሄደ ነው፤ ዳገት ላይም ጉልበቱ ይቀንሳል። በተለይ ፎር ዊል የሚታሰር መኪና የፊትና የኋላ ጎማው ልክ ከተለያየ ማርሹን ይበላል። ስለዚህ ስኮርታውም ጭምር አንድ ልክ ይሁን።

አምስተኛው የጎማው ዕድሜ ነው። በጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ አዲስ አይደለም። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆየውን በአዲስ ዋጋ መግዛት የለብንም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም። እኔ የምለው ይህ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ እነዚህን አምስት ልኮች በአንድ ገጽ መዝግበው ይያዙ፤ የግዥ መጠየቂያውም ከዚያ ይሞላ። በዕቃ መረከቢያ ኮሚቴው ውስጥ ሾፌሩና መካኒኩ ይግቡ፤ አንዱ ቸርኬ መኪናው ላይ ታስሮ፣ ዞሮ፣ ፍሬኑን አለመንካቱ ሳይታይ ማንም አይፈርም። «ሾፌር በግዥ ምን አገባው?» የሚሉ አይጠፉም። ግዥውን መወሰን የእሱ ሥራ አይደለም፤ የሚገጥመውን ከማይገጥመው መለየት ግን ይችላል። ይህን አሠራር አንዳንዶች ግዥውን ያጓትታል ይሉ ይሆናል። አንድ ቀን የሚወስድ ፍተሻ ግን የማይገጥመውን ዕቃ ከመመለስና በዘር ወቅት መኪና ከማቆም አይበልጥም።

በግልም ሆነ በማኅበር አሮጌ ፒክአፕ የገዛችሁ አርሶ አደሮችም ይህንኑ አድርጉ። ጎሚስታው አስሮ ከሸኛችሁ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ቆማችሁ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ የታሰረ ቸርኬ ሲቀመጥ ይላላልና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ክረምቱ ሳይገባና መንገዱ ጭቃ ሳይሆን ልኩን እንለካ።