አሮጌው ኮምፒውተር እስትንፋሱ ሳለ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በሾኔ ከተሞች ማመልከቻ፣ ውልና የእድር መተዳደሪያ ደንብ በመተየብ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ከእነዚህ እናቶች መካከል አንዳንዶቹ የዓመታት ሥራቸውን የሠሩት በቀደሙት የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ እትሞች ነው። ለልጆች ትምህርት ተብሎ አዲስ ኮምፒውተር ቤት ሲገባ፣ «እማዬ፣ አሮጌውን እንጣለው» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ይሁን እንጂ ከ15 ዓመት በፊት የተተየበውን ደንብ «ያሻሽሉልኝ» የሚል ደንበኛ ቢመጣ መልሱ ምን ሊሆን ነው?

በመጀመሪያ የችግሩን ምንጭ እንመልከት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቀደምት ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንታቸው በሌለበት ኮምፒውተር ሰነዱ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። የሀዲያና የከምባታ ቋንቋዎች በላቲን ስለሚጻፉ በእነርሱ የተተየበው ይነበባል፤ የአማርኛው ግን የማንም ቋንቋ ያልሆነ ነገር ሆኖ ይቀራል።

ሁለቱን ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ገመድ አገናኝቶ አሮጌውን ፕሮግራም ከአዲሱ ላይ መክፈት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ገመዱ የሚያመላልሰው ፋይል እንጂ ችሎታ አይደለም። ፕሮግራሙ የተቀመጠው አሮጌው ውስጥ ቢሆንም የሚሠራው በከፈተው ኮምፒውተር ጉልበት ነው። በ16 ቢት የተሠራ የጥንት ፕሮግራም በዛሬው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይነሣም። ነገሩ ከጎረቤት ሊጥ ተበድሮ በራስ ምጣድ እንደ መጋገር ነው፤ ምጣዱ ካልተሟሸ ሊጡ ቢያምርም እንጀራው አይወጣም።

ሌላም አደጋ አለ። አዲሱ ዊንዶውስ አሮጌውን የፋይል መጋሪያ ዘዴ ዘግቶ የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚሁ በር ገብቶ የብሪታንያ ሆስፒታሎችን ሥራ ሳይቀር አስተጓጉሏል። ማይክሮሶፍትም ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ አሮጌውን ኮምፒውተር ልጆች ኢንተርኔት በሚጠቀሙበት መስመር ላይ ማገናኘት የጓዳን በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ይለይ፤ ሥራው መተየብና ማተም ብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የፕሮግራሙ ሲዲና ፎንቶቹ በጥንቃቄ ይቀመጡ። ፎንቶቹ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑ ብዙውን ጊዜ ሰነዱ መነበብ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ ለማስረጃ ብቻ የሚፈለጉት ሰነዶች ፎንታቸውን እንደያዙ ወደ ፒዲኤፍ ይለወጡ። ወደፊት የሚሻሻሉት ደግሞ ወደ ዩኒኮድ ይዛወሩ፤ ከተዛወሩም በኋላ በዓይን ይታረሙ። በተለይ የሰው ስምና የገንዘብ መጠን ሁለት ጊዜ ይታይ።

አራተኛ፣ አሮጌው ፕሮግራም የግድ ካስፈለገ፣ ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌውን ዊንዶውስ እንደ እንግዳ ተቀብሎ ያሠራል። እንግዳውም ቢሆን ከኢንተርኔት ይለይ።

ይህን ሁሉ ለልጅ ወይም ለባለሙያ ብቻ መተው አይገባም። ልጅ ለትምህርት ከቤት ይወጣል፤ ባለሙያም በፈለጉት ሰዓት አይገኝም፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሳይናገር አንድ ቀን ይቆማል። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በቀን 5 ሰነድ ብቻ፣ በሳምንት 6 ቀን ቢዛወር በዓመት ከ1,500 በላይ ይሆናል። አሮጌው ኮምፒውተር በክብር የሚያርፈው የእናት የዓመታት ድካም ከውስጡ ከወጣ በኋላ ነውና፣ ሥራው ከዛሬ ይጀመር እንላለን።