ስለ አንድ እግር

ባለፈው የገበያ ቀን እዚህ ሙዱላ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ቡና ስንጠጣ ነበር። እኚህ ሰው በ1991 ዓ. ም. በባድመ ግንባር የግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ያጡ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ሰው ሠራሹ እግር አርጅቶ ስለ ላላ የተቆረጠውን ቦታ እየፈተገ አቍስሏቸዋል። «ጋሼ፥ ለምን አይታከሙም?» ብላቸው ፈገግ አሉና፥ «ልጄ፥ ሕክምናው በነፃ ነው፤ የሚያስከፍለኝ መንገዱ ነው» አሉኝ።

ሒሳቡን አብረን አሰብነው። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራው እንደ አዲስ አበባና እንደ አርባ ምንጭ ባሉ ጥቂት ከተሞች ነው። ለመለካት አንድ ጊዜ፥ ለመልበስ ሌላ ጊዜ መሄድ ያስፈልጋል፤ የመኪናው፥ የአልጋውና የደጋፊው ወጪ ሲደመር የጡረታቸውን ገንዘብ ይበልጣል። ስለዚህ ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠቡ ይኖራሉ።

ይህ የአንድ ሰው ነገር ብቻ አይደለም። በ1983 ዓ. ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር ወደየአገሩ ተመልሷል፤ ከኤርትራው ጦርነት በኋላም ብዙ ሺህ ሰው ተሰናብቷል። ቁስለኛው በየቀበሌው ተበትኖ ሳለ የወታደር ሆስፒታል ግን ከከተማ አልወጣም።

የሌላውን አገር ልምድ ብንመለከት፥ በአሜሪካ አገር የቀድሞ ወታደሮች ወረፋ ሲጠብቁ መሞታቸው ከተሰማ በኋላ በ2006 ዓ. ም. ሕግ ወጣ። ከወታደር ሆስፒታል ከ40 ማይል በላይ ርቆ የሚኖር፥ ወይም ከ30 ቀን በላይ የሚጠብቅ ሰው በአቅራቢያው እንዲታከም፥ ሒሳቡንም መንግሥት እንዲከፍል ተፈቀደ።

ለእኛም መንገዱ ተጀምሯል። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ዓ. ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ጎረቤታችን ዳምቦያ አንዱ ነበር። ለድኻው መዋጮ መንግሥት ይከፍላል። እንግዲህ ለቆሰለው ወታደርም እንዲሁ ቢከፈልለትና ቁስሉ በቅርብ ሆስፒታል ቢታጠብ፥ እግር የሚሠሩት ባለሙያዎችም በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ዱራሜ መጥተው ቢለኩ ምን ይከብዳል?

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሸክሙ በገበሬው መዋጮ ላይ ከወደቀ የመድኃኒቱ መደርደሪያ ባዶ ይሆናልና ከፋዩ የመከላከያው በጀት መሆን አለበት። ነገር ግን ዛሬ በጥቂት ብር የሚታጠብ ቁስል ነገ ሲያመረቅዝ ሁለተኛ ቆረጣ ያስከትላል፤ ያን ጊዜ ወጪው የትየለሌ ነው። ቁጠባ ማለት ገንዘብን መከልከል ሳይሆን በጊዜው ማውጣት ነው።

ከእናንተ መካከል በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የምትመሩ ወጣቶች አላችሁ። የእንዲህ ያለ ሰው ማመልከቻ ከጠረጴዛችሁ ሲደርስ አታሳድሩት፤ ባለጉዳዩ የቆመው በአንድ እግሩ ነውና።